በላስታ ደጆች፦ የ2011 ዓ.ም. የገና ጉዞ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

ገናን ላሊበላ ለማክበር ከሰንበት ትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ጋር የተነሣነው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል ዕለት ነበር። ባልንጀራዬ ዲያቆን ሲሆን እኔ የማኅበራችን ሒሳብ ያዥ ነኝ። በዚያ ሰሞን ማኅበራችን፣ ለአጥቢያችን ዓመታዊ ክብረ በዓል ከገጠር የሚመጡ ምእመናንን በየቤታችን እናሳድራቸው ወይስ አዳራሽ ተከራይተን ፍራሽ እናንጥፍላቸው በሚለው ጉዳይ ሲከራከር ከርሞ ነበር። ስለዚህ ከመሳለሙ ሌላ፣ የላስታ ሰው በየዓመቱ የሚጎርፍበትን መንገደኛ እንዴት እንደሚያስተናግድ በዓይናችን አይተን ለመመለስ ተስማምተናል።

የደሴው አውቶቡስ ከላምበረት መናኸሪያ የተነሣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የአንድ ሰው ዋጋ 200 ብር ገደማ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ለሻይ ስንወርድ ብርዱ ጋቢያችንን ዘልቆ ይገባ ነበር፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን አጣጥፎ መስኮት ለመክፈት ይሻማ ጀመር። ከሚሴ ላይ በ40 ብር በያይነቱ በላን፤ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ጨርሰን ደሴ የገባነው 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው።

በ200 ብር የያዝነው አልጋ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ባለቤት ሙስሊም እናት ናቸው፤ ቡና አፍልተው ኖሮ፣ ሻንጣችንን ሳናሳርፍ ልጃቸውን ልከው አስጠሩን። ለቡና ቁርስ የቀረበው የስንዴ ቆሎ ነበር፤ «ቅቤ አልነካውም፤ ጾመ ነቢያት ገብቶ የለ?» ብለው እኛ ሳንጠይቅ ነገሩን። ስለ ክርስቲያን እንግዳ ተቀባይነት የሚጻፍ ማስታወሻ ከሙስሊም ቤት ቡና መጀመሩ ወሎን ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም አይደለም። ባልንጀራዬ ስለ መስተንግዷቸው ሲያመሰግናቸው «አብርሃም የሁላችንም አባት አይደል?» አሉትና ሦስተኛውን ቀዱ። እኔ አዲስ አበባ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሮቻችን ፊት ለፊት ከሚተያዩ ጎረቤቶቼ ጋር ቡና የጠጣሁበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬ፣ አንድ የሐዘን ቤት ብቻ ትዝ አለኝ።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ እና ወልድያ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ወረድንና በባጃጅ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ስለሆነ፣ ከልደታቸው ማግሥት እዚያ መገኘታችን ባልንጀራዬን በጣም ደስ አሰኝቶት ነበር።

ተሳልመን ስንወጣ አንድ መነኩሴ ወደ ዛፍ ጥላ ወሰዱን፣ በጣሳ ውኃ አምጥተው እጃችንን አስታጠቡንና ዳቤና የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልን። ዳቤው ደረቅ ነው፤ ቶሎ አይታኘክም። አብረውን የተቀመጡት መንገደኞች ስድስት ያህል ሲሆኑ፣ አንዱ ልብሱ የተቀዳደደና ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ነበር። ለእርሱም እንደ እኛው እኩል ተቆርሶ ተሰጠው። ስማችንንም ሆነ አገራችንን የጠየቁን በልተን ካበቃን በኋላ ነው። ባልንጀራዬ ይህን አስተውሎ ኖሮ፣ ሥርዓት እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ መነኩሴው ወደ ኦሪት ዘፍጥረት 18ኛው ምዕራፍ መለሱት፤ አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስቱን ሰዎች ባየ ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው እንጂ እነማን ናችሁ አላላቸውም። «ደግሞ ልብ በል» አሉት፤ «ቁራሽ እንጀራ ላምጣላችሁ ብሎ ነው ጥጃ ያረደው። እኛ ግን ጥጃ እናርዳለን ብለን ቁራሽ የምናቀርብ ነን።»

ወልድያ የደረስነው ማታ ነው። ከተማው በላሊበላ ተጓዥ ተጨናንቆ አልጋ የሚባል ጠፍቶ ነበር፤ በመጨረሻ ያገኘነው ክፍል መብራቱ የማይሠራ፣ መጸዳጃው ግቢው ዳር ያለ ሲሆን 400 ብር ተጠየቅን። በሌላው ጊዜ 150 ብር እንደሆነ ዋጋው በሩ ላይ ተለጥፎ ይነበብ ነበር፤ የተለጠፈውን ያነሣው ሰው አልነበረም።

ታኅሣሥ 26፣ ዓርብ፤ ከወልድያ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸናም ወደ አላሰብነው መንደር

የላሊበላው ሚኒባስ በአዘቦት ከሚያስከፍለው ከእጥፍ በላይ፣ 250 ብር ጠየቀን። ከኋላችን ለዚያው ወንበር የሚጋፋ ሰው ስለ ነበረ ተከራክሮ ማስቀነስ አልተቻለም። ወደ ድልብ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሶ ደጋው ላይ ሲወጣ ነፋሱ መኪናውን ያወዛውዘው ነበር። ጋሸና ላይ የወረታውን መንገድ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን፤ ከዚያ እስከ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር በዚያን ጊዜ ጠጠር ነበር።

ከጋሸና ብዙም ሳንርቅ፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከኋላ በኩል ከባድ ድምፅ ተሰማና መኪናው ወደ ግራ ዘመም ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ሥሩ ገብቶ ተመለከተና ባሌስትራው መሰበሩን ነገረን፤ ረዳቱንም ባለፈ አይሱዙ አሳፍሮ ዕቃ እንዲፈልግ ወደ ጋሸና ላከው። አሥራ አራት ተሳፋሪዎች መንገድ ዳር ቆመን ፀሐይዋን እናያለን፤ እርስዋ ስትገባ ብርዱ ምን እንደሚመስል ሁላችንም ገብቶናል። ከደላንታና ከስማዳ በእግራቸው የመጡ ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን በአቁማዳ ተሸክመው በቡድን በቡድን ያልፉን ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሽማግሌ ቆም ብለው «እዚህ ምን ትጠብቃላችሁ? ከጉብታው ማዶ መንደር አለ፤ ተነሡ» አሉንና ይዘውን ሄዱ።

መንደሩ በድንጋይ የተካቡ ክብ ቤቶች ያሉበት ነው። ሽማግሌው ከመጀመሪያው አጥር ውጭ ቆመው «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብለው ጮኹ፤ ከውስጥም ወዲያው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ!» የሚል የወንድ ድምፅ መለሰ። ይህን ልማድ ከአያቴ አፍ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ያልጠበቅሁት ነበር። የመንደሩ ሰዎች ወጥተው እኛን ሲከፋፈሉ በመካከላቸው ክርክር ተነሣ፤ ሁለት ሰው ብቻ የደረሳት አንዲት ሴት «ለእነ እገሌ አምስት ሰጥታችሁ ለእኔ ሁለት? ቤቴ ጠባብ ነው ያለው ማን ነው?» ብላ ተቆጣች። ክርክሩ የተፈታው አንድ ወታደር ከአምስቱ ወጥቶ ወደ እርስዋ ሲሄድ ነው። የእኛ ማኅበር ያንኑ ክርክር ከተቃራኒው ጫፍ ሲከራከር መክረሙን አስቤ ባልንጀራዬን አየሁት፤ እርሱም ያንኑ እያሰበ ኖሮ ሳቀ።

እኔና ባልንጀራዬ ከሽማግሌው ጋር የደረስነው መጀመሪያ የተጣራንበት ቤት ነው። አባወራው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ስንገባ በቤቱ የነበረ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣልን፤ በመደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልን። የቤቱ እመቤት በኩበት እሳት ያሞቁትን ውኃ በገበቴ ገልብጠው መጥተው፣ ጎንበስ ብለው የባልንጀራዬን እግር ለመያዝ ሲሉ እርሱ «ኧረ እማየ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ ራሴ እታጠባለሁ» ብሎ እግሩን ሰበሰበ። አባወራው ከተቀመጡበት ሆነው «ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ምን እንደ ተባለ አንተ ዲያቆኑ ታውቀዋለህ» አሉት። ዲያቆን መሆኑን ከሽማግሌው ሰምተው ነበር። ባልንጀራዬ መልስ አጥቶ እግሩን ዘረጋ።

እጃቸው ሻካራ ነው፤ ተረከዝን፣ የጣቶችን መካከል፣ ቁርጭምጭሚትን በየተራ እያሹ ያጥቡና በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው እግራችንን ይስማሉ። ከሦስታችን እግር የወረደው ውኃ ከ20 ሊትር ጄሪካን ግማሹን እንደ ጨረሰ አስተዋልኩ። ምንጩ የት እንደሆነ ስጠይቅ ምራታቸው ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ውኃ ለእኛ መጨረሳቸው እንደ ከበደኝ ስናገር አባወራው «ውኃውን ነገ እንቀዳዋለን፤ እናንተን ግን ነገ አናገኛችሁም» አሉኝ።

እራቱ የገብስ እንጀራና የባቄላ ሽሮ ነበር፤ ጠላም ነበረ። በቃን ባልን ቁጥር «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ሌላ ይቆረስ ነበርና በመጨረሻ ባልንጀራዬ የማዕዱን ጸሎት በማድረስ አዳነን። ከዚያ አባወራው በእሳቱ ዙሪያ ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ አጫወቱን። በዚያ ዓመት ቤቱን ዘግተው፣ ሁለት ልጆች ቀብረው ከደጋው ወረዱ፤ በሰፈራውም ኢሉባቦር ደረሱ። «ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው በቆሎ ቀቅሎ ተቀበለን» አሉ፤ «ጎጆም ሠርቶልን ነበር። ደርግ ሲወድቅ ተመልሰን መጣን። ያን ሰው ዳግመኛ አላየሁትም፤ በምን ልክፈለው?» ሽማግሌው «እየከፈልህ አይደል እንዴ» አሏቸው። አባወራው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ፤ የሚያሳምን መልስ ሆኖ አላገኙትም።

መደቡ ላይ ባና ደርበን ተኛን። ሌሊት ለሽንት ስወጣ፣ አባወራውና ባለቤታቸው ከብቶቹ አጠገብ ጀንዲ አንጥፈው፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ተኝተው አየሁ። የለበስነው ባና የእነርሱ ነበር።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ፤ ላሊበላ መግባት

ረዳቱ ዕቃውን ይዞ ሌሊቱን ደርሶ ስለ ነበረ ረፋድ ላይ ተነሣን። ቁልቁለቱን ወርደን ወደ ላሊበላ ስንቃረብ መንገዱ ግራና ቀኙ ነጭ ለብሶ ነበር፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ከመንፋት ይልቅ ከሕዝቡ ጋር አብሮ ቀስ ብሎ መሄድን መረጠ።

በከተማው መግቢያ ላይ ወጣቶች ድንኳን ተክለው፣ በርሜሎች ደርድረው፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ሁሉ እያስቀመጡ እግር ያጥባሉ። በመኪና መምጣታችንን ብንናገርም ጊዜ አልሰጡንም፤ ከቁምነገር የቆጠሩት በዚያ በር መግባታችንን ብቻ ነው። እኔን ያጠበኝ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከጎኑ ያለችው ልጅ ደግሞ ከአንድ አዛውንት ተረከዝ ውስጥ እሾህ በመርፌ እያወጣች ነበር። የአዛውንቱ እግር ተሰነጣጥቆ ደም ይዟል፤ ልጅቱ እሾኹን አውጥታ፣ በሳሙና አጥባ፣ ቫዝሊን ቀብታ ስትጨርስ እግራቸውን ሳመች። እርሳቸውም ሁለት እጃቸውን ራስዋ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቋት። እርስዋ ግን ቀጣዩ ሰው እየጠበቃት ስለ ነበረ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ለመስማት ፋታ አላገኘችም።

በከተማው ያለው ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ትልልቆቹ ሆቴሎች የክፍላቸውን ዋጋ በዶላር ነው የሚናገሩት፤ አንድ ስኒ ቡና ከአዲስ አበባው እጥፍ ከፈልንበት። አስጎብኝ ነኝ ባዩም ብዙ ነው። ነገር ግን በአደባባይ ቆመን ስንማከር በሰላሳዎቹ ያለች አንዲት ሴት ቀርባ «ማደሪያ አላችሁ?» ብላ ጠየቀችን፤ እንደሌለን ስንነግራት «እናቴ ጋ ኑ» አለችን። ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት ያልሰማች መስላ ቀደመችን።

ዕለቱ መድኃኔ ዓለም ስለ ሆነ፣ ዕቃችንን አስቀምጠን ከአንድ ቋጥኝ ከተፈለፈሉት ሁሉ ትልቅ ወደሚባለው ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ሄደን ተሳለምን። ቅዱስ ላሊበላ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት የሠራው ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚወጣው ሕዝብ በመንገድ ሲያልቅ አይቶ ስላዘነ ነው የሚል ትውፊት አለ። ከተማው ሲጀመርም በመንገደኛ ምክንያት ተጀመረ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ፤ የባልቴቷ ግቢ

ያስተናገዱን እናት ባላቸውን ቀብረው በጠላ ንግድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ባልቴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል፣ አንድ ማድ ቤትና በሸራ የተሠራ ዳስ አለ፤ በዚያ ሌሊት ያደርነው ሰዎች አርባ እንሆናለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በመዝገብ የምትጻፍ መበለት እንግዶችን የተቀበለች፣ የቅዱሳንንም እግር ያጠበች ትሁን ማለቱን ባልንጀራዬ አስታወሰኝ። እኔ ግን ሒሳብ ያዥነቴ አላስቀምጠኝ ብሎ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ማድ ቤቱ በር ላይ ተተከልኩ።

ያየሁት ይህ ነው። ሰባት ጎረቤታሞች ከኅዳር ጀምሮ ከሚገባቸው እህል ለገና እንግዳ የሚሆን ያስቀምጣሉ፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ከ2,000 ብር በላይ በነበረበት በዚያ ዓመት ጤፉን ከማሽላ ጋር ቀላቅለው አስፈጭተዋል። ምጣድ ያላቸው በየቤታቸው በተራ ይጋግራሉ፤ ሽሮው በአንድ ቤት፣ ንፍሮው በሌላ ቤት ይሠራል። ማን ቤት ስንት ሰው እንዳደረ በየማለዳው ልጆች እየዞሩ ይቆጥራሉ፤ በቆጠራው መሠረት እንጀራው በመሶብ ከቤት ቤት ይዘዋወራል። ደረሰኝ የለም፤ ነገር ግን የማን ድርሻ እንደ ጎደለ ሁሉም ያውቃል። እኛ ማኅበር ውስጥ በሦስት ፊርማ የምናወጣውን ገንዘብ ያህል በጥንቃቄ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን መመስከር እችላለሁ።

እንግዳውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወንዶቹ ግንድ ይፈልጣሉ፤ ሴቶቹ ምስር ይለቅማሉ፤ በሶና ድርቆሽ የያዘ ስንቁን ያወጣና ከቤቱ እህል ጋር ይቀላቅላል። ከስማዳ የመጡ አንዲት እናት ያመጡት ዳቦ ቆሎ ለአርባ ሰው በእፍኝ በእፍኝ ሲታደል ከእኔ የደረሰኝን እስከ ማታ በኪሴ ይዤው ዋልኩ።

ለቅዳሴ ሄደን ስንመለስ ጫማዬን ካወለቅሁበት አጣሁት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማን እንደ ለወጠኝ ወይም እንደ ወሰደብኝ ማወቅ አይቻልም፤ በካልሲ ዳገቱን ወጥቼ ቤት ስገባ ባልቴቷ አዩኝና ከአልጋቸው ሥር የሟች ባላቸውን ኮንጎ ጫማ አወጡልኝ። በአንድ ቁጥር ጠበበኝ። «እስኪገኝ ነው» አሉኝ፤ አልተገኘም፤ በእርሱው ነው አዲስ አበባ የገባሁት።

ሌሊቱ ሲጋመስ ደግሞ ሌላ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። እኛን የጠራችን ልጃቸው ከማለዳ ጀምሮ ቆማ ስለ ዋለች ከዚህ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ማስገባት እንደማይቻል ተናገረች፤ ድምፅዋም ውጭ ድረስ ተሰማ። ባልቴቷ በር ላይ የቆሙትን «ግቡ፣ ግቡ» ካሉ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞረው በዝግታ «ካጉረመረምሽበት ለማን ሠራሽው?» አሏት። ልጅቱ አለቀሰች። ድካም እንጂ ክፋት እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀን ዳሱ ውስጥ ያለነው ተጠጋግተን ቦታ አወጣን፤ ልጅቱን አስተኝተን ባልንጀራዬና አንድ የጋይንት ገበሬ ውኃ አሙቀው የአዲሶቹን እንግዶች እግር አጠቡ። ቅዱስ ጴጥሮስ «ያለ ማንጐራጐር እርስ በርሳችሁ እንግድነትን ተቀባበሉ» ብሎ መጻፉ፣ በእርሱም ዘመን እንዲህ የሚያንጐራጉር ሰው ስለ ነበረ መሆን አለበት።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፤ ልደት

የቀረውን ሌሊት በማኅሌት አደርን፤ ከነጋ በኋላ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ተዘመረ። ካህናቱ ከሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ ማሜ ጋራ በሚባለው የቋጥኙ ከንፈር ላይ፣ ግማሹ ከሥር በቅጽሩ ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) ይላሉ። የላዩ የመላእክት፣ የታቹ የኖሎት፣ ማለትም የእረኞች፣ ምሳሌ ነው። ዕለቱ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ በአንድ ቀን ሁለት ልደት ይከበራል። በሕዝቡ ብዛት የተነሣ ከግድግዳው ተጣብቄ ስለ ነበረ የላዮቹን ከእግራቸው በቀር ማየት አልቻልኩም፤ ድምፁ ግን ከድንጋዩ ይወጣ ነበር።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ በግ ታርዷል። ከአርባ በላይ ለሆነ ሰው አንድ በግ ምን ያደርሰዋል ብዬ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የየበኩላቸውን አርደው ኖሮ ወጡ እንደ እንጀራው ከቤት ቤት ዞረ። የስማዳዋ እናት ጎርሰው አጎረሱኝ። አንድ ካህን ማዕዱን ባርከው ስለ ልደት ጥቂት ሲናገሩ፣ የወንጌሉን ቃል ጠቅሰው ለእመቤታችን በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ያልተገኘ መሆኑን ካስታወሱ በኋላ፣ «ያን ሌሊት ቤተ ልሔም ውስጥ ይህች ባልቴት ቤት ቢኖራት ኖሮ…» ብለው ሳይጨርሱ ባልቴቷ «ኧረ አባ፣ እኔም በሞላበት ሌሊት አስለቅሻለሁ» ብለው አቋረጧቸው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ልጃቸውም ሳቀች።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ፤ መሰናበት

ጠዋት ለመሰናበት ስንቆም 600 ብር በፖስታ አድርገን አቀረብንላቸው። ባልቴቷ ፖስታውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ የተቆጡ መሰለኝ። «ልጄ፣ ዋጋዬን አታሳጣኝ» አሉኝ። ባልንጀራዬ ለመጪው ዓመት እንግዶች ይሁን ብሎ ቢለምናቸውም እንቢ አሉ፤ ከተቀበሉ በኋላ ለሚመጣው ሰው ቤታቸው የተከፈለበት ቤት እንደሚሆንባቸው አስረዱን። ቀደም ብለን ከገበያ የገዛነውን አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ግን በደስታ ተቀበሉ፤ ወዲያውም «ከዚያው ቡና አፍልቼ ካላጠጣኋችሁ አትሄዱም» አሉን፤ ስለዚህ የማለዳው ሚኒባስ አመለጠን።

ብር መስጠት ለእኔ የቀለለኝ ለምን እንደሆነ በመንገድ ላይ ሳስብ ነበር። በአዲስ አበባ መስጠት አላቆምንም፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከተላከልን በስልካችን እንልካለን፣ የላክንበትንም እናሳያለን። ያቆምነው ማስገባት ነው። ብር ስንሰጥ ሰውየው ከደጅ ይቀራል፤ ያስገባነው ሰው ግን ባናችንን ለብሶ ያድራል፣ ውኃችንን ይጨርሳል፣ ሌሊት በሩን ያንኳኳል። ለማኅበሩ ባቀረብነው ዘገባ ይህን በዚህ መልክ አልጻፍነውም፤ የሰባቱን ጎረቤታሞች አሠራር ብቻ ዘርዝረን አቀረብን። ማኅበሩ ተከራክሮ፣ ፈቃደኛ የሆነ ቤት ሁሉ ሁለት ሁለት ሰው እንዲያሳድር፣ ለአዳራሽ የተያዘው ገንዘብም ብርድ ልብስና ማስታጠቢያ እንዲገዛበት ወሰነ። አዳራሹም ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ፈቃደኛ የሆነው ቤት በቂ ስላልነበረ በትንሹ ተከራየነው።

ባልቴቷ ከእኛ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። ታናሹ ልጃቸው ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ መምጣቱ እንደማይቀር ነግረውን፣ «ሲመጣ ታሳድሩልኛላችሁ?» አሉን። ስልክ ቁጥሬንና ሰፈሬን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። ልጁ በየካቲት መጣ፤ ስልኬ በሥራ ምክንያት ተዘግቶ ስለ ነበረ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ፣ ነዋሪ ሳይፈቅድ እንግዳ አይገባም የሚለውን ደንብ ጠብቆ በር ላይ አስቀረው። ማታ ስመለስ ግን ከሁለቱ አንዱም በሩ ላይ የለም። ጥበቃው ልጁን ወደ ጥበቃ ቤቱ አስገብቶት ኖሮ፣ የራሱን እራት ለሁለት ከፍለው እየበሉ አገኘኋቸው። ጥበቃው አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አገሩ ጋይንት ነው። ለአንድ ዓመት በዚያ በር ሳልፍ ስሙን ጠይቄው አላውቅም ነበር።